ሁለተኛዪቱ ጫጉላ በእንጦጦ

በአገራችን የጋብቻ ሥርዓት ውስጥ ለሙሽራውና ለሙሽራዪቱ ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ጊዜ ቢኖር የጫጉላ ጊዜ ነው። ድግሱ ተበልቶ፣ ዘፈኑ ተዘፍኖ፣ ዘመድ አዝማዱ መርቆ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ከሰው ዐይን ተከልለው፣ ሚዜዎች እያገለገሏቸው፣ ከሥራም ከሐሳብም ርቀው የሚሰነብቱባት ያች ጎጆ በአባቶቻችን ዘንድ የቅንጦት ሳይሆን የሥርዓት ጉዳይ ነበረች፤ ሁለት ባዕዳን አንድ ቤት ይሆኑ ዘንድ፣ አንዱም የሌላውን ጠባይና ድምፅ፣ ሣቁንና ዝምታውን ይለምድ ዘንድ፣ ዓለም ለጥቂት ቀን ገለል ማለት እንዳለበት ያውቁ ነበርና። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የተጻፈው ሕግም አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ከዘመቻና ከግዳጅ ነጻ ሆኖ ከሚስቱ ጋር እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ጦርነት የማይለየው ሕዝብ እንኳ የባልና የሚስትን የመጀመሪያ ወራት ከዘመቻ አስበልጦ ያየ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እኔና ባለቤቴም ከ18 ዓመት በፊት በአጎቴ ግቢ ውስጥ በተለቀቀችልን አንዲት ክፍል ሰባት ቀን ተቀምጠናል። ወራቱ ሚያዝያ ነበረና ማታ ማታ የበልግ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንሰማ ነበር፤ ከቀኖቹ ሁሉ ይልቅ በኅሊናዬ ጠልቆ የቀረው ያ የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ቅልቅሉ ሆነ፣ መልሱ ሆነ፣ የቤት ኪራይ መጣ፣ ልጅ ተወለደ፣ ሁለተኛም ተወለደ፣ እናቴ ታመሙ፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት ለትምህርት መጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ዕቁቡ፣ የወላጆች ስብሰባው ተከታተለ። እንዲህም ሲሆን ሲሆን፣ ከዚያች የሰባት ቀን ጎጆ ከወጣን ወዲህ ሁለታችን ብቻችንን ሆነን አንዲት ሙሉ ቀን የዋልንበትን ጊዜ አንድ ማታ ተቀምጬ ብቆጥር፣ የአንድ እጅ ጣቶቼ እንኳ ተረፉኝ።

ይህን የምጽፈው የቤቴን ገመና ለመግለጥ ሳይሆን በብዙ ቤት ያለ ነገር ስለ ሆነ ነው። ሰው የሞላበት ቤት በረከት ነው፤ የታመመች እናትን ማስታመምም ጽድቅ ነው። ነገር ግን ባልና ሚስት በፍቅር ማነስ ሳይሆን በጊዜ ማነስ ንግግራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄድና፣ ጧት «ዘይቱ አልቋል»፣ ማታ «የትምህርት ቤቱ ክፍያ ደርሷል»፣ በመካከሉም «ውኃው ዛሬ መጣ ወይስ አልመጣም» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ደግ፣ ሁለቱም ታታሪ ሆነው ሳለ፣ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሹማምንት ጉዳይ እየተለዋወጡ ያረጃሉ። ጫጉላዪቱ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ሆነች? ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ከሚያስፈልጋቸው ይልቅ፣ ተጋብተው ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከሰው ዐይን መከለሉ አብልጦ የሚያስፈልጋቸው ይመስለኛል።

በቋንቋችን ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ነገር አለ፤ ይኸውም ስለ ቅዱሳንና ስለ ታላላቅ ሰዎች ሞት ስንናገር «ዐረፉ» ማለታችን ነው። ስንክሳሩም የጻድቃንን የመጨረሻ ቀን «ዕረፍት» ይለዋል። ቃሉ የተስፋ ቃል ነው፤ ነገር ግን በሕይወት ያለን ሰዎች ዕረፍትን ከመቃብር ወዲያ ለሚገኝ ርስት ብቻ የተተወ አድርገን ብንወስደው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እኩሌታውን መርሳት ይሆንብናል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እንደ ጸናው፣ ቀዳሚት ሰንበትም እሑድ ሰንበትም ሁለቱም በእኛ ዘንድ የተከበሩ ቀኖች ናቸውና፣ ሌላው ዓለም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሥራ ሕግ የደነገገውን የሁለት ቀን ዕረፍት እኛ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በቀኖና ይዘነው ነበር። ጌታም ሐዋርያት ደክመው በተመለሱ ጊዜ፣ ለመብላት እንኳ ፋታ አጥተው ስለ ነበረ፣ ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 እናነባለን። ያዘዛቸውም ረጅም ጉዞ ሳይሆን ጥቂት ዕረፍት ነበረ።

እኛ ግን ዕረፍት ስንል ሩቅ አገር እናስባለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ገንዘብ አጠራቅመን ወደ አንድ ሐይቅ ዳር ወርደን ነበር። ሌሊት ተነሥተን፣ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠን፣ ስንደርስ የተያዘልን ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቆየን፤ ማታ ድምፅ ማጉያው እስከ እኩለ ሌሊት ስላላስተኛን፣ ስለ ወጣው ገንዘብ ተነጋግረን ተኳረፍንና በማግሥቱ በኩርፊያችን ተመለስን። ሐይቁ ምን እንደሚመስል ዛሬ ብጠየቅ በደንብ አላስታውስም። በዚያው ሰሞን ግን ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «አንተ፣ ይህ ከመስኮታችን የምናየው ተራራ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ያየችው እንጦጦን ነበረ፤ በመጨረሻም ለሁለት ቀን ልናርፍበት ወጣን።

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን እንደ ግድግዳ የቆመ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ የተነሣ ሰው በስድስት ኪሎ አልፎ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል፤ ከሽሮ ሜዳም ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ሌላ ታክሲ ይይዛል። ከተማው በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ሲሆን፣ የተራራው አናት 3,200 ሜትር ያህል ስለሚደርስ፣ በአንዲት አጭር መንገድ ብቻ ሰው ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሻገራል። ታክሲው በየጠመዝማዛው ባቃሰተ ቁጥር የመኪና ጡሩምባው፣ የግንባታው መዶሻ፣ የገበያው ጩኸት ወደ ኋላ እየቀረ ሄዶ፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ በዛፍ ውስጥ የሚያልፍ ነፋስ ብቻ ይሰማል።

ይህች ዳርቻ ለባልና ሚስት ዕረፍት የተገባች መሆንዋን ስናገር ከታሪኳ ተነሥቼ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት መናገሻቸውን በእንጦጦ አደረጉ፤ ጣይቱ ብጡልንም በ1875 ዓ.ም. በቁርባን አገቡ። እንጦጦ ለጦር ስልት ምቹ ከፍታ ነበረ፤ ነገር ግን ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ነፋሱ የማያቋርጥ፣ ማገዶውም በየጊዜው እየራቀ የሚሄድ ስለ ነበረ፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ወደሚፈልቀው ፍልውኃ እየወረዱ ይታጠቡ፣ ጥቂት ቀንም በድንኳን እየሰነበቱ ያርፉ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ በሐረር ዘመቻ በነበሩበት ወራት፣ እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃው አጠገብ ሰፍረው ሳሉ ቦታውን ወደዱትና ቤት ሊሠሩበት ቈረጡ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቤተ መንግሥቱ ከነሠራዊቱ ጠቅልሎ ወረደ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ነገር ረጋ ብሎ ይመልከተው። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚጋፉባት፣ እኛም ከእርስዋ ልናርፍ የምንሸሽባት አዲስ አበባ ራስዋ በመጀመሪያ የዕረፍት ስፍራ፣ የእንጦጦ ከተማ ጸጥተኛ ዳርቻ ነበረች። ከተማው ተራራው ነበረ፤ ማረፊያው ሜዳው ነበረ። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ሜዳው ከተማ፣ ተራራው ማረፊያ ሆኗል። የዚህች ዋና ከተማ መነሻ ጦርነትም ንግድም ሳይሆን አንዲት ሚስት ከብርድና ከድካም ወጣ ብላ ሞቅ ያለ ውኃ ባለበት ቤት ልሥራ ማለትዋ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ፣ ባልና ሚስት ለሁለት ቀን ከተማ ዳር ወጥተው ቢያርፉ እንግዳ ነገር አመጡ ሊባሉ እንደማይገባ ተረድቻለሁ።

ወደ ተራራው የሚወጡ ሁሉ በሽሮ ሜዳ ሳይቆሙ እንዳያልፉ እመክራለሁ። በዚያ ሰፈር ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ፤ የሚሠሩትም ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቡልኮና የሐበሻ ቀሚስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጓሮዎች ሸማኔው እግሩን በጕድጓድ ውስጥ ዘርግቶ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር፣ ፈትሉን በእንዝርት የፈተሉት ደግሞ ሴቶች መሆናቸውን ስናስብ፣ አባቶቻችን የተስማሙ ሰዎችን ነገር በድርና በማግ የመሰሉበት ምክንያት ፍንትው ብሎ ይታያል። እኛም ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጋቢ ገዛን። ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ ሁለት እንፈልግ እንደ ሆነ ቢጠይቁን ባለቤቴ «አንድ ይበቃናል፣ አባቴ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ጋቢውን አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡንና «ያሙቃችሁ፣ አብራችሁ አርጁበት» ብለው መረቁን። ያ ጋቢ በሁለቱ ቀን ውስጥ ከያዝነው ዕቃ ሁሉ የጠቀመን ነው።

ተራራው ላይ ፊት ለፊት የሚታየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ይመሰክራል፤ ወደ አገራችን የገባውም በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ዘመን ያገሩ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ አልቆ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሥራ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር፤ ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ግን ከተማይቱን ባለችበት አጸናት። ይሁን እንጂ ዛፉ ውኃ መጣጭ ሆኖ፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም ስለማያበቅል፣ አሁን በየቦታው ያገር በቀሉ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እየተተከለ ነው። ባሕር ዛፍ አልፎ ወደ ጥዱ የገባ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል፤ የወፉ ዝማሬ በዚያ ይበዛልና። ድኩላም ማለዳ ማለዳ ከጥሻው ብቅ ይላል፤ እኛ አንድ ጊዜ ለጥቂት ቅጽበት አየነው፣ እሱም አየን፣ ከዚያም ጠፋ።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለመንገደኛው ብዙ ነገር አቅልሎለታል። የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ ፈረስ መጋለቢያ፣ ቡና የሚጠጣባቸው ቤቶችና ማደሪያም አሉበት። ጨዋታ ለሚወድ ጨዋታው መልካም ነው፤ ዕረፍት ፈልጎ ለወጣ ግን ከመጫወቻዎቹ ራቅ ብሎ በዛፎቹ መካከል በሚሄደው መንገድ ላይ መመላለስ ይሻለዋል። ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን በዝግታ ሲራመዱ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይናገሩትን ነገር ይናገራሉ፤ ዐይናቸው በአንድ መንገድ ላይ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ፊት እየመረመረ አይጨነቅም። በኑሮዬ ካየኋቸው ነገሮች ይህ አንዱ እውነት ነው፤ ባልና ሚስት የተቀየሙበትን ነገር መነጋገር ቢፈልጉ በጠረጴዛ ዙሪያ ሳይሆን በመንገድ ላይ ይነጋገሩ።

ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ ከጀርባቸው የቅጠልና የእንጨት ሸክም አዝለው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጐንበስ ብለው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥማሉ። አንዳንዶቹ አሮጊቶች፣ አንዳንዶቹም ገና ልጆች ናቸው። ስለ ዕረፍት የሚጽፍ ሰው እነርሱን ሳያነሣ ቢያልፍ ብዕሩ ሊታዘበው ይገባል፤ እኛ ልናርፍበት የወጣነው ተራራ ለእነርሱ የሥራ ቦታ ነውና። አንዲት እናት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆመው ስናገኛቸው ባለቤቴ «እማማ፣ ውኃ ይጠጡ» ብላ የያዝነውን ሰጠቻቸው። ጠጥተው «ልጆቼ፣ የእኛ ሰው ወደዚህ የሚወጣው ለጠበል ነበር፤ እናንተ ታማችሁ ነው?» አሉን። አለመታመማችንን፣ ለማረፍ መውጣታችንን ብንነግራቸው፣ ጥቂት አሰቡና «ማረፍም ጠበል ነው» ብለው ሸክማቸውን አነሡ። መንገድ መልቀቅ፣ ሰላምታ መስጠት፣ ሳይጠይቁ ፎቶግራፍ አለማንሣት ከእንግዳ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተን ጋቢያችንን አንጥፈን ተቀመጥን። የእንጦጦ ሰንሰለት ውኃ የሚለያይበት ጀርባ ነው፤ ከጫፉ በስተ ደቡብ የወረደው ዝናብ በአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ በስተ ሰሜን የወረደው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከአንድ ደመና፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ክንድ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች፣ አንዱ በአፋር በረሃ በሐይቅ ውስጥ ተጠራቅሞ ባሕር ሳያይ ሲቀር፣ ሁለተኛው ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «እኛስ በየት በኩል ወረድን?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፏ ከሰማሁ ስንት ዓመት እንደ ሆነኝ አላውቅም። ያን ማታ ስለ እርሱ ስንነጋገር አመሸን፤ ተማሪ ሳለች ልትሆን ትመኝ የነበረውን፣ እኔ የተውኩትን ሥራ፣ ባንጋባ ኖሮ የት እንደምንገኝ፣ ልጆቻችን ከሄዱ በኋላ የት መኖር እንደምንወድ፣ አንድ በአንድ አነሣነው።

ለመውጣት ለሚያስቡ ጥንዶች ጥቂት ነገር ላስታውስ። ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ድረስ ተራራው በጉምና በዝናብ የተሸፈነ፣ መንገዱም የሚያዳልጥ ነው። ከመስቀል በኋላ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ጊዜና ከዚያም እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር፣ ጤነኛውም ቢሆን ከአትሌቶቻችን ጋር የሚሽቀዳደም ይመስል እየሮጠ አይውጣ፤ በማለዳ በዚያ ዐቀበት ላይ እንደ ሚዳቋ የሚሮጡት ልጆች በብዙ ዓመት ልምምድ የተገኙ ናቸው። ከመሸ በኋላ ጅብ ስለሚወጣ ከማደሪያ መራቅ አይገባም። ጸጥታ የሚሻ ሰው ደግሞ የወሩን ቀን ይመልከት፤ በ1 ቀን የራጉኤል፣ በ16 ቀን የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ቀን የማርያም በዓል ስለሆነ በእነዚህ ቀኖች ተራራው በምእመናን ይሞላል።

የምግቡ ነገር አያሳስብም። እኛ ከቤት ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎና ጥቂት ማር ይዘን ወጥተን ነበር፤ ቡናውን ግን እዚያው አንዲት ሴት ከሰል አያይዛ ስትቆላ አግኝተን ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠን ጠጣን። በከተማ ውስጥ አቦሉን ቆመን ጠጥተን የምንሮጥ ሰዎች፣ ሦስተኛውን ስኒ የመጠበቅ ትዕግሥት ከእኛ ዘንድ መጥፋቱን ያወቅነው በዚያ ጊዜ ነው። ቡና ከአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ እንዲቀዳ የሠሩት ሰዎች፣ ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር የሚያስፈልገውን ጊዜ በትክክል ሳይለኩት አልቀሩም።

ከሁሉ የሚከብደው የስልኩ ነገር ነው። ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትተን ነበርና ጨርሶ ልንዘጋው አልተቻለንም፤ ስለዚህ አንዱን ስልክ ዘግተን አንዱን ብቻ ማታ ማታ ለሩብ ሰዓት ልንከፍት ተስማማን። ደግሞም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች ውጤትና ስለ ዘመድ ጠብ ለሁለት ቀን እንዳንናገር ቃል ተጋባን። በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር ድረስ የምንናገረው ነገር ጠፋን፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁም፤ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ሌላ በመካከላችን ምንም አልቀረ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን ዝምታው ራሱ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ለማረፍ የወጡ ጥንዶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ይህ ቢገጥማቸው አይደንግጡ፤ የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነቃ በመጀመሪያ የት እንዳለ እንደሚጠፋው ያለ ነገር ነውና ያልፋል።

ሌሊቱ የተራራው ልዩ ጸጋ ነው። ከተማው በስተ ደቡብ እንደ ተዘረገፈ ፍም ያበራል፤ ሰማዩ ደግሞ ከከተማው ፋና ራቅ ስላለ ከታች የማይታዩትን ከዋክብት ያሳያል። በዚሁ በእንጦጦ አናት ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የሥነ ፈለክ መመልከቻ መቆሙም ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕረ ሐሳብን የቀመሩ አባቶች ልጆች ስለሆን፣ በከዋክብት ሥር ተቀምጦ ዘመንን ማሰብ ለእኛ እንግዳ ጠባይ አይደለም። አንዱን ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ጅቡ ከሩቅ ሲጮኽ እየሰማን ተቀመጥን።

እሑድ ማለዳ እንጦጦ ማርያም አስቀደስን። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ እቴጌ ተብለው ነገሡ። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ቤተ መዘክርና በአጠገቡ ያለውን የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት አየን። የነገሥታት ግቢ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ትልቅ ሕንጻ ቢጠብቅ ያዝናል፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ጣራው የእንጨት ማገር፣ ክፍሎቹም ጠባብ ናቸው። እኔ ግን በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ስዞር ያሰብኩት ስለ ዘውዱ ሳይሆን ስለ ኋለኛው ዘመን ነበር። ምኒልክ ብዙ ዓመት ታመው ሲተኙ ጣይቱ ካጠገባቸው ሳይለዩ አስታመሟቸው፤ ሥልጣኑን ሁሉ አስቀድመው ተነጥቀው ነበርና፣ ባላቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደዚሁ ወደ እንጦጦ ተመለሱና፣ በማርያም ደጅ በጸሎት ተወስነው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በሙሽርነታቸው የኖሩበት ተራራ፣ ብርዱን ሸሽተው ሌላ ከተማ የቈረቈሩለት ተራራ፣ በመበለትነታቸው ተቀበላቸው። ከዚያ ደጅ ቆመው ወደ ታች ሲመለከቱ፣ ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ጢስዋ ሲወጣ በየጧቱ ያዩ እንደ ነበረ ሳስብ፣ ልቤ ተነካ። አሁን ዐፅማቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ነው።

ከግቢው ወጥተን በአንድ ጥድ ሥር ተቀመጥን። ባለቤቴ ጋቢውን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጫፉን እየዳበሰች፣ በጫጉላችን በሦስተኛው ሌሊት፣ እኔ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት፣ እናቷን ናፍቃ እስኪነጋ እንዳለቀሰች፣ ይህንንም ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም ነበር። ሰምቻት ነበር፤ ነገር ግን ገና ባዕድ ነበርኩና ምን እንደምላት አላወቅሁም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዝም ብዬ ቆየሁ። ይህን ስነግራት እጇን ከጋቢው ላይ አንሥታ በእጄ ላይ አኖረች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ያቺን ሌሊት ለየብቻችን ይዘናት ኖረን ነበር። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ታክሲ ሞልቶ ረዳቱ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ ሰማን፤ የሚቀጥለውን እንጠብቅ ብለን ቀረን።